ቡችላዎ ድንገት ሲቀዘቅዝ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ትናንት ጫማ ሲያኝክ፣ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ሲጮህ የዋለ የስምንት ወር ውሻ ዛሬ ጥግ ይዞ ከተኛ፣ ባለቤቱ ቶሎ የሚለው «ደብቶት ነው» ነው። ውሻን በእርግጥ ይደብተዋል። ድብርት ግን ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ የሚደረስበት ግምት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታን መርሳት

ብዙ ሰው ያበደ ውሻ ሲባል የሚታየው እየሮጠ ያገኘውን የሚናከሰው ብቻ ነው። ዝምተኛው ዓይነት ቁርጥ ድብርት ይመስላል፦ ውሻው ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ኋላም የታች መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ውሃ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኸው ነው። ውሻው ካልተከተበ ወይም ባለፉት ወራት ከማይታወቅ ውሻ ጋር ተናክሶ ከነበረ አይንኩት፤ ዘግተውበት፣ ልጆችን አርቀው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ሰው ነክሶ ወይም የሰው ቁስል ልሶ ከሆነ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጸበሉም ሆነ የባህል መድኃኒቱ የክትባቱን ቦታ አይተካም፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የመጀመሪያውን ክትባት በ3 ወሩ ይወስዳል፣ ከዓመት በኋላ ይደገምለታል።

ሳይመረምሩ መፍረድ

ክትባቱን የወሰደና ከላይ ያሉት ምልክቶች የሌሉበት ከሆነ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን ይዩ። ሮዝ መሆን አለበት፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። የገረጣ ድድ የደም ማነስን ይጠቁማል፤ የሆድ ትል ወይም መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል መዥገር ይፈልጉ። ትከሻው ላይ ቆዳውን ቆንጥረው ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ውሃ አጥሮታል። ሙቀቱን በቫዝሊን በተቀባ ዲጂታል ቴርሞሜትር በፊንጢጣው ይለኩ፤ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ጤነኛ ነው፣ 40 ከደረሰ የዕለቱ ዕለት ሐኪም ይየው። የአፍንጫው መድረቅ ብቻውን ምንም አይናገርም።

«ነገ ይሻለዋል» ማለት

የሁለት ወር ቡችላ በቀን 18 ሰዓትና ከዚያም በላይ ቢተኛ ጤነኛ ነው፤ መታየት ያለበት ሲነቃ የሚያደርገው ነው። ያልተከተበ ቡችላ ፈዞ ምግብ ከተወ ግን ፓርቮ የሚባለው አንጀት የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ትውከቱና ደም የቀላቀለው ተቅማጥ ይከተላሉ፤ ከዚያ በኋላ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ወጥ ማብላት

ለውሻ የሚወረወረው ትርፍራፊ ቁሌት ያለበት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ድካሙ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ከምግቡ ጋር የሚያያይዘው የለም። የጾሙ ሽሮም ቢሆን ያው ሽንኩርት አለበት። ሥጋና ሩዝ ያለ ቅመም ለብቻው ይቀቀልለት።

የሰው ክኒን መስጠት

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። ግማሹን ብሰጠውስ? አይሆንም።

ቀን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር

እውነተኛው ድብርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው። «ካልታሰረ ጥሩ ጠባቂ አይሆንም» የሚለው ልማድ ቡችላውን በሁለት ሜትር ሰንሰለት ያሳድገዋል። መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ባለበት ይዞራል፣ ጅራቱን ይነክሳል፣ በመጨረሻ ሰው ሲመጣ እንኳ ተነሥቶ አያይም። ያን ጊዜ «ጨዋ ሆነ» ይባልለታል! ተስፋ ቆርጦ ነው እንጂ ጨዋነት ከየት መጣ። ጠዋትና ማታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያንሸራሽሩት፤ እያሸተተ ይሂድ፣ ማሽተት ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክመዋል። ምግቡን ሳህን ላይ ከማድረግ አንዳንዴ ግቢው ውስጥ በትነው ያስፈልጉት።

የፈራን ውሻ መቆጣት

ከ6 እስከ 14 ወር ባለው ዕድሜ ትናንት ያልፈራውን ጄሪካን ወይም ጃንጥላ ድንገት ሊፈራ ይችላል። ጎትተው አያቅርቡት፤ መብላት እስኪችል ድረስ አርቀው ያቁሙትና ቁራሽ ሥጋ እየሰጡ በቀናት ውስጥ ያለማምዱት። ሲፈራ ማባበል ፍርሃቱን ያባብሳል የሚባለው ስህተት ነው።

በሐዘኑ ላይ አዲስ ቡችላ ማምጣት

የቤተሰብ አባል ሲርቅ ወይም አብሮት ያደገ ውሻ ሲሞት የሚያጽናናው አዲስ ቡችላ ሳይሆን የተለመደው የምግብና የሽርሽር ሰዓት ነው። ምግቡና ሽርሽሩ ሳይዛነፍ ሁለት ሳምንት ካለፈና አሁንም ካልተሻለው ወደ ሐኪሙ ይመልሱት። መቼ እንደጀመረውና በየቀኑ የበላውን ጽፈው ይውሰዱ፤ ሲተኛና ሲነሣ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም ይጨምሩ፣ ክሊኒክ ሲደርስ በድንጋጤ ነቅቶ ጤነኛ ሊመስል ይችላልና።