የፈጣን ባሕር ጀልባ ሞተር ሲመረጥ
ፒያሳ ቡና ይዘን ሳለ አንድ ወዳጄ፣ ጅቡቲ ለሚኖር ዘመዱ ጀልባ የታሰቡ ሞተሮችን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «ከ300 ፈረስ ጉልበት ወደ 600 ብንወጣ ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም?» ሲል ጠየቀኝ። አይሆንም። በውኃው ገጽ ላይ ተንሳፍፎ በሚሮጥ ጀልባ ፍጥነት የሚያድገው በግምት በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ባይለወጥ እንኳ ፍጥነቱ የሚጨምረው 41 በመቶ ገደማ ነው፤ ክብደቱ ግን መለወጡ አይቀርም፤ ተጨማሪው ሞተርም ነዳጁም ይመዝናሉና። 300 ፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይል ሲነዳ በሰዓት 110 ሊትር ያህል ይጠጣል።

በመሆኑም አስቀድሞ ነዳጁን፣ ሰዉንና ዕቃውን ደምሮ ማስላት፣ ከዚያም የጀልባው አምራች የፈቀደውን የጉልበት ጣሪያ አለማለፍ ይገባል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ፕሮፔለሩን፣ ማለትም ውኃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደውን ተሽከርካሪ ክንፍ ነው። አምራቹ ለሙሉ ኃይል ከ5,800 እስከ 6,400 ዙር በደቂቃ ካዘዘ፣ ጀልባው የተለመደ ጭነቱን ይዞ እዚያ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ሞተሩን ከመለወጥ በፊት ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) አንድ ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር መሞከር ይሻላል፤ ዙሩን ከ150 እስከ 200 ያህል ከፍ ያደርገዋልና። ሙከራው ግን እዚያው ባሕሩ ላይ ይሁን። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ደክሞ የታየው ሞተር ጅቡቲ ሲወርድ ሌላ ሞተር ነው።