ከአምፖሉ በፊት ባላስቱን አንብቡ፦ የኮራል ገንዳ መብራት ችግርና መፍትሄ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እየዞርኩ ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ የሚኖርበትን የሰው የጨው ውሃ ገንዳ እንከባከባለሁ። ኤልኢዲ ገበያውን ወርሶታል፤ ሜታል ሃላይድ የሚባለውን የድሮውን ኃይለኛ አምፖል አልለቅም ያለ ሰው ግን አሁንም አለ። አልፈርድበትም። ያ ብርሃን ውሃውን ሰንጥቆ አሸዋው ላይ ሲርገበገብ ያየ ሰው በሌላ አይረካም።

ብሬከሩን፣ ስፒናውንና ታይመሩን አይታችሁ ነው የመጣችሁ ብዬ ልጀምር።

አዲስ አምፖል ገብቶ አይበራም፤ ወይም በርቶ ቀለሙ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም

አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። ሰው አምፖል የሚመርጠው የብርሃኑን ቀለም በሚነግረው የኬልቪን ቁጥር ነው። 6,500 ሞቅ ያለ ነጭ፣ 10,000 ጥርት ያለ ነጭ፣ 14,000 ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ፣ 20,000 ጭልጥ ያለ ሰማያዊ። ዋቱንም ያያል። ካቢኔው ውስጥ የተቀመጠውን ከባድ ሳጥን ግን ዞር ብሎ አያየውም።

ያ ሳጥን ባላስት ነው፤ ወደ አምፖሉ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚመጥን ልጓም። የሸንበቆ መብራት የጠገነ ሰው ያውቀዋል። አምፖሉ መሃል አንዲት ትንሽ የኳርትዝ ቱቦ አለች፤ ውስጧ ሜርኩሪና የብረት ጨዎች አሉ። ቀለሙን የሚሰጡት ጨዎቹ ናቸው፤ በቅጡ የሚተኑት ደግሞ ቱቦዋ በደንብ ስትግል ነው። ባላስቱ ከሚገባው በታች ከሰጣት ጨዎቹ አይተኑም፤ ሜዳው ለሜርኩሪው ይለቀቃል። ብርሃኑ ይደክማል፣ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሸሻል። ከልክ በላይ ከሰጣት ደግሞ ይደምቃል፣ ይነጣል፣ ዕድሜው ያጥራል።

አሜሪካ ውስጥ በ250 ዋት ብቻ የተለያዩ ባላስቶች ታገኛላችሁ፤ ከእነሱም ኤም 58 እና ኤም 80። ኤም 58 የድሮው ዓይነት ነው፤ አምፖሉን በከፍተኛ ቮልቴጅ ምት የሚያስነሳው ኢግናይተር የለውም። ኤም 80 አለው፤ የሚሰጠው ኤሌክትሪክም ይበዛል። ለመነሳት የከፍተኛ ቮልቴጅ ምት የሚፈልግ አምፖል ኤም 58 ላይ ከጠመዳችሁ ወይ ጭራሽ አይበራም፣ ወይ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል።

አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ጋሼ ደወሉልኝ። ስደርስ ባንኮኒው ላይ፣ ከጀበናው አጠገብ፣ ሦስት የአምፖል ካርቶን ተደርድሯል። ሁለቱ አምፖሎች ድምፃቸው የለም። ሦስተኛው በርቷል፤ ብርሃኑ ግን የደበዘዘ ወይን ጠጅ ነው። «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ሦስቴ ዘረፉኝ!» አሉ። ካቢኔው ሥር ገባሁ። ባላስቱ ጨው ለብሶ ጽሑፉ አይታይም። በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብዬ ፈተግሁት፤ መጀመሪያ «ኤም» ወጣች፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 8። ካርቶኑን ገልብጬ ጎኑን ብመለከት በደቃቅ ፊደል ኤም 80 ይላል። ባላስቱን ቀየርኩ። ሦስቱንም አምፖሎች በየተራ ሞከርኳቸው፤ እያንዳንዱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንደ ወተት ነጣ። ጋሼ ዝም አሉ። ቡናውን ግን ጋበዙኝ።

መፍትሄው እንግዲህ ይሄው ነው። የባላስቱን ጽሑፍ በስልክ አንሱ፣ ከዚያ አምፖል ግዙ። 150 ዋት ኤም 81፣ 175 ዋት ኤም 57፣ የድሮው 400 ዋት ኤም 59 ነው። ካርቶኑ ላይ ያው ቁጥር ከሌለ አትግዙ፤ ሻጩ «ይሠራል» ቢላችሁም።

ባላስቱን ኢግናይተር ወዳለው ከቀየራችሁ የአምፖሉን ማቀፊያም እዩ። የ4,000 ቮልት ምት እችላለሁ የሚል ጽሑፍ ከሌለው ቀይሩት። ውስጡ የጠቆረ ማቀፊያ ስንቴ እንደ ፈታሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ደግሞ ባላስት ስትከፍቱ መንቀል ብቻ አይበቃም። ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ይመታል።

«ሁሉንም ዓይነት አምፖል ያበራል» የሚል ርካሽ ኤሌክትሮኒክ ባላስትስ? ጋራዤ ውስጥ የሞቱት ተቆልለዋል። ከመካከላቸው በጨው እርጥበት አንድ ዓመት የቆየ ብርቅ ነው።

አምፖል ከተቀየረ በሳምንቱ ኮራሉ ነጣ

ሰው ወዲያው ውሃውን ይወነጅላል። ውሃው አይደለም። የድሮው አምፖል በየወሩ ቀስ እያለ ሲደክም ዓይናችሁ አብሮ ለመደ፤ ኮራሉም ለመደ። ከ9 እስከ 12 ወር የሠራውን አውጥታችሁ አዲስ ስትተኩ ብርሃኑ በአንድ ቀን ይዘላል። ኮራሉ ውስጥ የሚኖሩት፣ ምግቡን የሚሠሩለት ደቃቅ አልጌዎች ይህን አይችሉም፤ ሲባረሩ ነጩ አጥንት ብቻ ይታያል። ከ20,000 ወደ 10,000 የወረደ ሰው ደግሞ የባሰ ይቀጣል፤ በተመሳሳይ ዋት 10,000ው ለኮራሉ የሚሰጠው ብርሃን ብዙ ጊዜ ይበልጣልና።

መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ካልተቻለ የመስኮት የትንኝ ወንፊት ሦስት አራት ድርብ ገንዳው ላይ ዘርጉ፤ በየጥቂት ቀኑ አንድ አንዱን አንሱ። አምፖሉን ግን አትንኩት። ወንፊት ዘረጋሁ ብሎ አንዷን ጫፍ እላዩ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ቤት ገብቼ ነበር፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ኮራሉም ተቃጠለ፣ የእኔም ዓይን አሸዋ የገባበት መሰለኝ

ሁለት ጫፍ ያለው አምፖል ነው፤ መብራቱ ላይ መስታወት የለም። እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም። የሚጠመዘዘው አምፖል አልትራቫዮሌቱን የሚያስቀርለት የውጭ ብርጭቆ አለው። ሁለት ጫፉ የለውም፤ መብራቱ ላይ ያለው መስታወት ነው የሚከልለው። «ብርሃን ይቀንሳል» ብሎ መስታወቱን አውልቆ ያስቀመጠ ደንበኛ ነበረኝ። መልሶ እስኪገጥም ሥራ አልጀመርኩለትም። የሚጠመዘዘውም የውጭ ብርጭቆው ተሰብሮ ሊበራ ይችላል፤ በራ ብላችሁ አትተዉት፣ ወዲያው አጥፉት።

የቀሩት

መብራት ብልጭ ብሎ ተመለሰ፣ አምፖሉ አልተመለሰም፦ ሞቋል። 15 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። እስኪበራ ድረስ ማብሪያውን ቀጭ ቋ አታድርጉ።

ይበራል፣ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል፦ አርጅቷል፤ አዲስ ከሆነ ደግሞ መብራቱ አየር አጥቷል።

ሁለት ጫፍ ያለው አምፖል ኳርትዙ ላይ ነጭ ነጥብ አወጣ፦ በባዶ እጅ ነክታችሁታል። ገና ሳይበራ ቢሆን በአልኮል ይጠረግ ነበር።

አልጌ በዛ፦ ጥፋቱ የአሮጌ አምፖል ነው ይባላል። መጀመሪያ ግን አልጌውን የሚመግቡትን ናይትሬትና ፎስፌት ውሃው ውስጥ ለኩ።

ከዚህ ገዝታችሁ ዱባይ ላለ ዘመድ ልትልኩ ነው? የማግኔት ባላስት፣ ያ ከባዱ ሳጥን፣ ከሆነ ይቅር። የዚህ አገር 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ እዚያ 230 እና 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክል ይሆናል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም፤ ባላስቱ እየጋለ ይሄዳል። አምፖሉን ላኩለት፣ ባላስቱን እዚያው ይግዛ። የባላስቱን ፎቶ ግን አስቀድሞ ይላክላችሁ።