ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ ዓሦችን በትንሽ አኳሪየም እንዴት ማርባት ይቻላል?

ቤት ውስጥ ዓሣ ማርባት አምሯቸው በቦታ ጥበት የተዉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ለእነሱ ሁሌ የምነግራቸው አንድ ዓሣ አለ። ወንዱ አድጎ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ሴቷ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። ቤታቸው ባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል ነው። እዚያ ያድራሉ፣ እዚያ ይደበቃሉ፣ እንቁላላቸውንም እዚያው ይጥላሉ። ሳይንሳዊ ስማቸው ኒዮላምፕሮሎገስ መልቲፋሺያተስ ነው። አርቢዎች በአጭሩ "መልቲ" ይሏቸዋል።

አገራቸው ታንጋኒካ ሐይቅ ነው። ታንዛኒያ፣ ኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ ቡሩንዲና ዛምቢያ የሚጋሩት፣ ጥልቀቱ ከ1,400 ሜትር የሚያልፍ ሐይቅ። በሐይቁ ውስጥ ኒዮታውማ የሚባል ቀንድ አውጣ ይኖራል። ውሃው ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ቀንድ አውጣው ሲሞት ዛጎሉ ቶሎ አይሟሟም። ዓመት በዓመት ላይ እየተከማቸ የሐይቁን ወለል በሰፊው ያለብሰዋል። መልቲዎች መንደራቸውን የመሠረቱት እዚህ ላይ ነው። ወገናቸው ሲክሊድ ይባላል። ከሐዋሳና ከዝዋይ የሚመጣው ቆሮሶም የዚሁ ወገን ነው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አኳሪየሙ የሚያስፈልገው ሁሉ ከዚያ ወለል ይቀዳል፤ አሸዋ፣ ዛጎልና ማዕድን ያለው ውሃ።

አኳሪየሙን መምረጥ

ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ መስታወት በቂ ነው። 54 ሊትር ይይዛል። ቦታ ከጠበበ 40 ሊትርም ይሆናል። ዓሦቹ የሚኖሩት ታች ስለሆነ ከቁመት ይልቅ የወለሉን ስፋት ይዩ። ውሃው ብቻውን ከ50 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጠንካራና ያልተንጋደደ ይሁን።

ለማጣሪያ በአየር ፓምፕ የሚሠራውን ስፖንጅ እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፤ የዓሣ ጫጩቶችንም አይስብም።

አሸዋና ዛጎል

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጠጠር ያነጥፋል። መልቲ ግን ቆፋሪ ነው። አሸዋውን በአፉ እያፈሰ ወስዶ ሌላ ቦታ ይተፋዋል። ጠጠር ላይ ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ደቃቅ አሸዋ ያስፈልጋል፤ ውፍረቱም ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር። ባልዲ ውስጥ አድርገው ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግመው ይጠቡት። ሳሙና አይንካው።

አሸዋው ላይ ትንሽ አቼቶ ጠብ ያድርጉ። አረፋ ከደፈቀ ኖራማ ነው ማለት ነው። ለሌላ ዓሣ ላይስማማ ይችላል። ለመልቲ ግን ውሃውን ጠንካራ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት፣ አድርጎ ስለሚያቆይለት ጥሩ ነው።

ዛጎል ለአንድ ዓሣ ቢያንስ 3 ያዘጋጁ። በ6 ዓሣ ለሚጀምር ሰው 20 ያህል ማለት ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ፣ ፈረንሳዮች ለምግብ የሚጠቀሙበት የቀንድ አውጣ ባዶ ዛጎል በምግብ መደብር ይገኛል። ከግቢ የተለቀመም ይሆናል፤ ትልቁ ዓሣ ሙሉ በሙሉ ገብቶ የሚደበቅበት መጠን ካለውና ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ቦታ ከመጣ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ አይሆንም። ውስጡ በጣም የሚጠብም ዓሣውን ቀርቅሮ ሊያስቀር ይችላል። 10 ደቂቃ ያህል ቀቅለው በደንብ ያለቅልቁት። ውሃ ውስጥ ሲከቱት አፉን ወደ ላይ አድርገው ያገላብጡት፤ የታፈነው አየር ሁሉ ይውጣ።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ዛጎሎች አፋቸውን ወደ ፊት አድርጌ በሰልፍ ደርድሬያቸው ነበር። ዓሦቹ በገቡ በማግስቱ ሰልፉ የለም። ግማሹ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፤ ከአፉ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም። መልሼ ላስተካክል ስል ጠብ ተነሳ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እያንዳንዱ ዛጎል ባለቤት አለው። አንዱን ሲያነሱ ድንበር ይፈርሳል። እና አንዴ በትነው ከጨረሱ በኋላ እጅዎን ይሰብስቡ።

ውሃውን ማዘጋጀት

ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.8 እስከ 9 ይሁን። የመለኪያ ኪት ሳይኖር አይጀመር። የቧንቧዎ ውሃ ለስላሳ (ማዕድን ያነሰው) ከሆነ ኖራማው አሸዋ ወይም የተፈጨ ኮራል ያግዛል። እንጨት አይጨምሩ፤ ፒኤቹን ያወርዳል። አዲስ አበባ ሌሊቱ ስለሚበርድ ማሞቂያ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም መያዝ ጥሩ ነው።

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው መጣ። ውሃው ሞልቶ፣ ማጣሪያው እየሠራ፣ ዓሣ ሳይገባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። በየጊዜው ቆንጠር አድርገው የዓሣ ምግብ ይጣሉ። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ ይራባሉ። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሲያሳዩ ዝግጁ ነው። ይህ ለመልቲ ከሌላው ዓሣ የባሰ ወሳኝ ነው፤ ፒኤች ከፍ ባለበት ውሃ አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ይሆናልና። እባካችሁ አትቸኩሉ።

ዓሦቹን ማስገባት

6 ያህል ወጣቶች በአንድ ጊዜ ይግዙ። በትንሽነታቸው ወንድና ሴት ለመለየት ስለሚያስቸግሩ ብዛቱ ይረዳል። ከነላስቲኩ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ ያንሳፍፏቸው። ከዚያ የአኳሪየሙን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያላምዷቸው። ሌላ ዓሣ አይቀላቅሉ። ብቻቸውን ሲሆኑ ነው ጠባያቸው የሚታየው።

ለአፋቸው የሚመጥን ደቃቅ ምግብ በቀን ሁለቴ፣ ትንሽ ትንሽ ይስጧቸው። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ለዓሣ ምግብ የሚሆን ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) ካገኙ ደግሞ ደስታቸው ነው። በየሳምንቱ 20 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ይቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ ሳይጨመርበት አይገባም። አንዳንዱ ሰው ውሃውን አሳድሮ ይጠቀማል። ክሎሪን በዚያ ይጠፋል፤ ክሎራሚን (አንዳንድ ቦታ በክሎሪን ምትክ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ኬሚካል) ግን አይጠፋም። ውሃ በጎማ ሲስቡ አፉ ላይ ስስ ስቶኪንግ ይሰሩበት። አለዚያ ጫጩት አብሮ ይሄዳል።

ጫጩት ሲመጣ

እናትየው እንቁላሏን ዛጎሏ ውስጥ ትጥልና አፉ ላይ ሆና ትጠብቃለች። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ብጥስጣሽ ክር የሚያክሉ ነገሮች ከአፉ ጫፍ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ጫጩቶቹን ለይቶ ማሳደግ አያስፈልግም። ታላላቆቹ አይበሏቸውም፤ ሁሉም በአንድ መንደር ያድጋሉ። የተፈጨ ምግብ ዛጎሉ አጠገብ ጣል ማድረግ በቂ ነው።

ቁጥራቸው ሲበዛ ለሌላ አርቢ ይስጡ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ በፍጹም አይልቀቋቸው። ለመያዝ መረብ ይዘው አያባርሯቸው፤ ሁሉም ዛጎል ውስጥ ይገባሉ። ዓሣው የገባበትን ዛጎል ቀስ ብለው ያንሱና ውሃ ባለው ሳህን ውስጥ ያስቀምጡት። ጸጥ ሲል በራሱ ይወጣል። ከዚያ ዛጎሉን ወዲያው ወደ ነበረበት ጉድጓድ ይመልሱ። ጎረቤቶቹ አሸዋ ሊሞሉበት ይችላሉ።