ለጎልፍ ተጫዋች የ50ኛ፣ የ60ኛ ወይም የ70ኛ ዓመት ልደት ስጦታ እንዴት ይመረጣል?

ለጎልፍ ተጫዋች ስጦታ መግዛት ቀላል የሚመስለው ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ነው። ዱላ፣ ኳስ፣ ጓንትና ቦርሳ እያሉ መዘርዘር አያስቸግርም፤ ችግሩ ተጫዋቹ እነዚህን ዕቃዎች አንድ በአንድ መርጦ የያዘ፣ ለምን እንደመረጣቸውም ምክንያቱን መናገር የሚችል ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣት በፊት ቦርሳውን በጥንቃቄ መመልከት፣ ከተቻለም ዘወትር አብሮት የሚጫወተውን ጓደኛውን በምስጢር መጠየቅ ይገባል። ይህ ጓደኛ ባለልደቱ በየሳምንቱ የሚያማርርበትን ነገር ከቤተሰቡ ይልቅ አጥርቶ ያውቃል።

በቅድሚያ ዱላን እናንሣ፤ ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ ብዙ ጊዜ የሚገዛው እሱን ነውና። በጨዋታው ሕግ መሠረት አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር ይዞ ሊጫወት የሚችለው ከ14 ያልበለጡ ዱላዎችን ነው። ቦርሳው ለሞላ ሰው 15ኛ ዱላ መስጠት ከለመዳቸው አንዱን እንዲጥል ማስገደድ ይሆናል። ከዚህም በላይ የዱላው ርዝመት፣ የዘንጉ ጥንካሬና የእጀታው ውፍረት ከሰውየው ቁመት፣ ከእጁ ስፋትና ከምቱ ፍጥነት ጋር መስማማት አለባቸው፤ ግራኝ ከሆነ ደግሞ ለቀኝ ተጫዋቾች የተሠራው ዱላ ምንም ያህል ቢወደድ አያገለግለውም። ዱላ መስጠት የግድ ከሆነ፣ ዱላውን ራሱን ከመግዛት ይልቅ የተጫዋቹን ምት በመሣሪያ ለክቶ ተስማሚውን ዱላ የሚመርጥለት ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ አስይዞ ሂሳቡን መክፈል የተሻለ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የምት ፍጥነት ስለሚቀንስና በወጣትነት የተመረጠ ጠንካራ ዘንግ ከጊዜ በኋላ ስለሚከብድ፣ እንዲህ ያለው ልኬት በተለይ ለ60ኛው ዓመት ተገቢ ስጦታ ይመስለኛል።

በጓንት ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቀኝ የሚመታ ተጫዋች ጓንት የሚያጠልቀው በግራ እጁ ነው፤ እኔም ይህን ያወቅሁት ለአጎቴ የቀኝ እጅ ጓንት ገዝቼ፣ እሳቸውም በትሕትና አመስግነው አትክልት ሲኮተኩቱ ሲያደርጉት ካየሁ በኋላ ነው። የርቀት መለኪያ መሣሪያ ጥሩ ስጦታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ፣ የውድድሩ አዘጋጅ በራሱ ደንብ ካልከለከለ በቀር፣ በመሣሪያ ርቀት መለካት ይፈቀዳል፤ ይሁን እንጂ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ልዩነት ማስላት በጨዋታ ላይ ስለማይፈቀድ፣ ይህ አገልግሎት ሊጠፋ የሚችልበትን መሣሪያ መምረጥ ያስፈልጋል። የልጅ ልጅ ፎቶ የታተመበትን ኳስ ግን አልመክርም፤ የልጅ ልጁን ፊት በዱላ መምታት የሚፈልግ አያት የለም፣ ቢመታውም ኳሱ ውሎ አድሮ ውኃ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ዕድሜው ራሱ በጎልፍ ዓለም ትርጉም እንዳለው ማወቅ ምርጫውን ያቀለዋል። 50 ዓመት በባለሙያዎች ዘንድ የአንጋፋዎች ውድድር በር የሚከፈትበት ዕድሜ ነው፤ አሜሪካዊው ተጫዋች ፊል ሚከልሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን ያሸነፈውም በ50 ዓመቱ ሲሆን፣ ከታላላቆቹ አራት ውድድሮች አንዱን በዚህ ዕድሜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሆኗል። ለ50ኛ ልደት በሚጻፍ ካርድ ላይ ይህን ማስታወስ ከማንኛውም የተለመደ ምኞት ይልቅ ባለልደቱን ፈገግ ያሰኘዋል። ወደ 70ዎቹ የሚገባ ጎበዝ ተጫዋች ደግሞ ሌላ ሕልም አለው፤ ይኸውም የ18ቱን ጉድጓዶች ዙር በዕድሜው ልክ ወይም ከዚያ ባነሰ የምት ብዛት መጨረስ ነው። የብዙ ሜዳዎች ፓር፣ ማለትም ጎበዝ ተጫዋች ዙሩን ይጨርስበታል ተብሎ የሚጠበቀው የምት ብዛት፣ 72 ወይም ለዚያ የቀረበ በመሆኑ፣ ይህ ሕልም በወጣትነት የማይታሰብ፣ በ70ዎቹ ግን በእጅ የሚነካ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው የውጤት ካርድ የሚገባበት ባዶ የእንጨት ክፈፍ አሠርቶ መስጠት፣ ገና ያልመጣውን ቀን አብሮ መጠበቅ ነው። አንድ ዙር በ110 ምት ለሚጨርስ ሰው ግን ይኸው ክፈፍ ስላቅ ስለሚሆንበት መቅረት አለበት።

አቅም ላለው ቤተሰብ ጉዞም አለ፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከሚመኟቸው ሜዳዎች አንዱ በስኮትላንድ የሚገኘው የሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ ነው። አንድ ዙር 18 ጉድጓድ እንዲሆን መነሻ የሆነው ይህ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1764 ወደዚያ ቁጥር መውረዱ ነው። ነገር ግን ሜዳው እሑድ በተለመደው ጊዜ ለጨዋታ ዝግ ነው፣ የሃንዲካፕ (የተጫዋቹን የችሎታ ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር) ማረጋገጫ ይጠየቃል፣ አስቀድሞ ተራ ያልያዘ ሰውም ከሁለት ቀን በፊት በሚወጣ ዕጣ ዕድሉን ይሞክራል። በዚህ ምክንያት በልደቱ ዕለት እንደሚጫወት ቃል መግባት ስሕተት ነው፤ የተወሰኑ ቀናት በአካባቢው የሚያስቆይና ሌሎች ሜዳዎችንም የሚያካትት ጉዞ ማሰናዳት ይበጃል።

እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን በኪስ የሚገባ ነገር ነው። ተጫዋች ግሪን ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበት ሣሩ አጥሮ በታጨደው ቦታ፣ ኳሱን ከማንሣቱ በፊት ቦታውን በአንድ ነገር ምልክት ማድረግ አለበት፤ ብዙዎችም ለዚህ ሳንቲም ይጠቀማሉ። ባለልደቱ በተወለደበት ዓመት የተመረተ ሳንቲም ከሳንቲም ሰብሳቢዎች ፈልጎ በትንሽ የቆዳ ከረጢት መስጠት ይቻላል፤ በእያንዳንዱ ዙር ደጋግሞ ከኪስ ይወጣልና ስጦታው መደርደሪያ ላይ አቧራ አይጠጣም። የሌላውን ተጫዋች ኳስ እንዳያሰናክል ስስና ጠፍጣፋ ሊሆን ይገባል። ዓመቱ ራሱ ታትሞበት ስለሚገኝ ስም ማስቀረጽ አያስፈልግም። ሳንቲም ሣር ላይ መረሳቱ የተለመደ ስለሆነ ግን ከዚያው ዓመት ሁለት ገዝቶ፣ አንዱን ለባለልደቱ ሳይነግሩ ማስቀመጥ ይበጃል።