ጌማችሁን ለሊኑክስና ለአሮጌ ስልክ ማውጣት ያዋጣል?

ጌም የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ። ዊንዶውስ ላይ ያለቀ ጌም አለኝ፣ ሊኑክስ ለሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ለአሮጌ አንድሮይድ ፖርት ባደርገው (እዚያም እንዲሠራ ባዞረው) ልፋቱ ያዋጣል ወይ? ያዋጣል። ግን የምትወስኑት የዓለምን ቁጥር ሳይሆን ሰፈራችሁን አይታችሁ ከሆነ ነው።

ቁጥር ካያችሁማ ገና ሳትጀምሩ ትተዉታላችሁ። የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም በሚያወጣው የተጠቃሚ ዳሰሳ ሊኑክስ ለዓመታት ከመቶ 1 እና 2 አካባቢ ነበር። ሎኪ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ተነስቶ ሥራዬ ብሎ ጌሞችን ወደ ሊኑክስ ሲያዞር ቆየና በ2002 ተዘጋ። ልፋቱ ግን ሜዳ ላይ አልቀረም፤ እዚያ ይሠራ የነበረው ሳም ላንቲንጋ የጀመረው ኤስዲኤል፣ ጌም በተለያየ ሲስተም ላይ እንዲሠራ የሚያግዝ የኮድ ስብስብ፣ ዛሬም ስንቱን ጌም ተሸክሞ እየሄደ ነው።

አሁን ወደኛ ሰፈር ኑ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ልጆቹ እጅ ላይ የምታዩት 1 ወይ 2 ጊጋ ራም ያለው ቴክኖና አይቴል ነው። ከፕሌይ ስቶር ከማውረድ ይልቅ ኤፒኬው (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይሉ) በቴሌግራም ወይ በዜንደር ከስልክ ስልክ ይዞራል። ሌላው ዓለም የረሳው ስልክ እዚህ ዋናው ነው።

ስለዚህ ከስልኩ ጀምሩ። ጎዶ 4 በሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ሬንደረሩን (ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ክፍል) ኮምፓቲቢሊቲ አድርጉት፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ቩልካን የሚባል የግራፊክስ ዘዴ ይፈልጋሉ፣ አሮጌ ስልክ ደግሞ ወይ የለውም ወይ ያለው አይረባም። ከዚያ አንድሮይድ ኤክስፖርት ውስጥ ግቡና ባለ 32 ቢቱን ኤአርኤም (የአሮጌ ስልክ ፕሮሰሰር ዓይነት ነው) ምልክት አድርጉበት። ዝም ካላችሁት 64 ቢት ብቻ ነው የሚወጣው፤ ርካሽ ስልክ ላይ አልጫንም ሲላችሁ መጀመሪያ ይህንን እዩ። መጠኑንም ቀንሱ። ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም ልጅ እያንዳንዱ ሜጋባይት ብር ነው።

የፋይል ስም ላይ ጠንቀቅ በሉ። ፋይሉ በትልቁ ኤች ተጽፎ ኮዱ ውስጥ በትንሹ ኤች ከጠራችሁት ዊንዶውስ ዝም ብሎ ይከፍተዋል። ሊኑክስ ግን ሁለቱን እንደ ተለያየ ፋይል ስለሚያይ ሥዕሉን አጣሁት ይላል፤ ኤፒኬ ውስጥም ያው ነው። ከመጀመሪያው ሁሉንም በትንሹ ፊደል ጻፉ፣ ተገላገሉ።

አማርኛ ጽሑፍ ካለው ፎንቱን እዚያው ጌሙ ውስጥ ክተቱት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል። የስልኩን ፎንት አምናችሁ ከለቀቃችሁት አንዳንዱ ጋ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፣ በገዛ ቋንቋው የተሠራ ጌም ከፍቶ ሳጥን የሚያይ ልጅ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ለሊኑክስስ? መጀመሪያ ምንም አትሥሩ። የስቲም ባለቤት ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ፕሮቶን አብዛኛውን የዊንዶውስ ጌም እንዳለ ያስኬዳል፣ ስቲም ዴክ የሚባለው የቫልቭ የእጅ ጌም ማጫወቻም የዊንዶውስ ጌሞችን የሚያስኬደው በሱ ነው። በፕሮቶን ወይ ተመሳሳይ ሥራ በሚሠራው በዋይን ሞክሩት፤ ከሄደ ጨርሳችኋል። ካልሄደ ወይ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ከተንቀራፈፈ ያኔ ለሊኑክስ የራሱን ስሪት አውጡለት። በሲ ቋንቋ የጻፋችሁት ከሆነ አሮጌ የሊኑክስ ስሪት ላይ ኮምፓይል አድርጉ፤ አዲሱ ላይ የተሠራ አሮጌው ላይ እምቢ ይላል፣ ተገላቢጦሹ ግን ብዙ ጊዜ ይሄዳል።

ሴቭ ማድረጉንም አስቡበት። እዚህ ዳር አካባቢ ያለው ላፕቶፕ ብዙው ባትሪው የሞተ ነው፣ መብራት ድንገት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ስልክም ራም ሲያጥረው ጌሙን ሳይጠይቅ ይዘጋዋል። ሌቭል እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ በየመሐሉ ሴቭ አድርጉ።

አይፎንን ለጊዜው ተዉት። ማክ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ በዚያ ላይ ስቶሩ ላይ ለማውጣት አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ያስከፍላል፤ ጉግል ግን አንዴ 25 ዶላር ብቻ ነው።

በመጨረሻ ደግሞ፣ አንድ ስልክ ላይ ይሠራል ብላችሁ ካወጃችሁ አፕዴት ባወጣችሁ ቁጥር እዚያው ስልክ ላይ መሞከር አለባችሁ። ስልኩን ከጎረቤት ልጅ በየጊዜው መዋስ የማትችሉ ከሆነ ይሠራል ብላችሁ አትጻፉ።