ቦርጭን በሜትር፣ ዘይትን በማንኪያ መለካት

በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በ2000 እ.ኤ.አ. 3 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 8 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ገጠሩ ዝቅተኛ ነው። ጥፋቱን በእንጀራ አታላክኩ። ገጠር ውስጥ ውኃ መቅዳቱ፣ እርሻውና የገበያው መንገድ ጉልበት ይበላል፤ ከተማ ውስጥ ታክሲና ወንበር ተተክተውበታል፣ ዘይቱና ስኳሩም በዝቷል።

ራስዎን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ። ልብስዎን ገልጠው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ሜትሩን በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ያዙሩት። ትንፋሽ ሲወጣ፣ ሆድ ሳይስቡ (እዚህ ላይ ሁሉም ያጭበረብራል!) ያንብቡ። ቀበቶ በሚታሰርበት መለካት ስህተት ነው፤ ቦርጩ ከላይ ስለሚቀር ቁጥሩ ያንሳል። ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፉ የስኳርና የልብ በሽታ ስጋት ይጨምራል። ነፍሰ ጡር በዚህ አትለካም።

ቀጥሎ ዘይቱ። 5 ሰው በሳምንት 1 ሊትር ከጨረሰ፣ ለእያንዳንዱ በቀን 230 ካሎሪ ገደማ ይደርሰዋል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ እንዳያር ውኃ ጠብ እያደረጉ ያቁላሉ፤ ዘይቱን በኋላ በሾርባ ማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። ከጠርሙሱ በቀጥታ ሲፈስ ሁልጊዜ ይበዛል።