ዝናብ የዲፓርትመንት ስብሰባ አይጠብቅም፦ የእርሻ ባዮሎጂ ማስተርስ የሚማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእኔ ቴሲስ ሊበላሽ የነበረው በእስክሪብቶ ነው። የ48 ፕሎቶቼን (የሙከራ ማሳ ቁራጮቼን) መለያ ሐምሌ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ተከልኩ። ነሐሴ ላይ ስመለስ ካርዱ ሁሉ ባዶ ሆኗል። ያተረፈኝ ደብተሬ ላይ የሣልኩት የማሳው ካርታ ነው። እርሳስ ዝናብ አይፈራም፤ ይህን ግን በየትኛውም ኮርስ አልተማርኩም። ብሪዲንግም (ዝርያ ማሻሻል) ይሁን የዕፅዋት ጥበቃ ወይም አግሮኖሚ (የሰብል አመራረት) ለምትጀምሩ፣ ከዚህ የባሱትንም ልንገራችሁ።

በስሙ ተማርኮ ዘርፍ መምረጥ

ባዮቴክኖሎጂ ሲጠሩት ያምራል። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ላቦራቶሪውን ሄዳችሁ እዩት። ዲኤንኤ የሚያባዛው ፒሲአር ማሽን ይሠራል ወይስ ፕላስቲክ ለብሶ ቆሟል? ኬሚካል ከውጭ ሲታዘዝ ስንት ወር ይፈጃል? ሲኒየሮችን ጠይቁ፤ እነሱ አይደብቋችሁም።

ወቅቱን ረስቶ ፕሮፖዛል መጻፍ

ብዙ ተማሪ የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። የመኸር ስንዴ በአብዛኛው የሚዘራው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ጤፍ ደግሞ በሐምሌ። ፕሮፖዛሉ ሰኔ ላይ ጸድቆ ብሩ ነሐሴ ላይ ከተለቀቀ፣ የመዝሪያው ጊዜ እናንተን ሳይጠብቅ አልፏል።

ወቅቱ ያመለጠው ሰው ወይ ዓመት ይጠብቃል፣ ወይ በበጋ በመስኖ ይዘራል። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል። ርዕሳችሁ ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ የፈንገስ በሽታ ከሆነ ግን ጉድ ነው። ቢጫ ዋግ ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል። በደረቅ አየር በሽታው ሳይመጣ ይቀርና ሁሉም ዝርያ በሽታ የሚቋቋም ይመስላችኋል። ያንን ይዛችሁ ዲፌንስ (ቴሲሳችሁን በፈታኞች ፊት ማቅረብ) ልትገቡ ነው!

ስለዚህ ከመዝሪያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ማሳው ደጋግሞ መታረስ አለበት። የአፈር ናሙና መውሰድ አለ። ከምርምር ማዕከላት ዘር ለማግኘት ደብዳቤ ማጻፍ አለ፤ ለስንዴ ቁሉምሳ፣ ለጤፍና ለሽምብራ ደብረ ዘይት፣ ለቦሎቄ መልካሳ፣ ለቡና ጅማ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ረቂቅ በጥር አድቫይዘሬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ ነበር።

አሥር ተክል ለክቶ አሥር ሪፕሊኬሽን ማለት

ከአንድ ፕሎት አሥር ተክል ብትለኩ ያላችሁ አንድ ቁጥር ነው፤ አማካዩ። ሪፕሊኬሽን የሚባለው ያው ትሪትመንት (የምትፈትኑት ዝርያ ወይም ማዳበሪያ) በዕጣ ሌላ ፕሎት ላይ ሲደገም ነው። ዲፌንስ ላይ በዚህ የተያዘ ጓደኛዬ ፊት እስከዛሬ አይረሳኝም። ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ በየትኛውም ሶፍትዌር ብታገላብጡት አይድንም።

ተዳፋት ማሳ ላይ ደግሞ ውሃ ታች ይተኛል። የአንድ ብሎክ (ሁሉም ትሪትመንት የሚገኝበት የፕሎቶች ቡድን) ፕሎቶች እኩል ከፍታ ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ፤ ቀጣዩ ብሎክ ከእነሱ በታች።

ኩንታል ብቻ መቁጠር

ተማሪ ምርት ይመዝናል፣ ገበሬ ግን ገበያውንም ያያል። ደብረ ዘይት ላይ የተሠራውን የቁንጮ ጤፍ ታሪክ አስቡ። አንዱ ወላጁ ምርታማ ነበር፤ ሌላው በንጣቱ የታወቀ። የሁለቱ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣና ገበሬው ተቀባበለው። ምርቱም ጥሩ፣ እህሉም ነጭ። ስለዚህ የገለባውን፣ የቀለሙንና የእንጀራውን ነገር ባለማሳውን ሳትጠይቁ ምርጥ ዝርያ አገኘሁ አትበሉ።

ዛሬ በሽታ የቻለ ዝርያም ነገ ላይችል ይችላል። ዲገሉ የተባለው ስንዴ በገበሬው ዘንድ ተወዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ሌላ ዓይነት ግንድ ዋግ መጥቶ በአርሲና በባሌ አጨደው። መደምደሚያችሁ ላይ «ተቋቋመ» ስትሉ የትኛውን ዋግ፣ የትና መቼ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ማስተርስ ማለት መምህርነት ነው ብሎ ማሰብ

ዩኒቨርሲቲ አንድ በር ነው። የፌዴራሉን የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ታውቁታላችሁ፤ ክልሎችም እንደ ሲናና፣ አዴትና ሲሪንቃ ያሉ ማዕከላት አሏቸው። የጂን ባንክ፣ የዘር ድርጅት፣ የዕፅዋት ኳራንቲንም አለ።

ተማሪ የሚንቀው የአበባ እርሻ ነው። ለምን እንደሚንቀው አይገባኝም። የዕፅዋት ጥበቃ ዕውቀት በየቀኑ የሚፈተነው እዚያ ነው። ግሪን ሃውስ ውስጥ በማጉያ መነጽር ቀይ ሸረሪት የምትባል ትንሽ ተባይ ትፈልጋላችሁ፤ ኬሚካል ከመርጨት ይልቅ እሷን የሚበላ ሌላ ትንሽ ፍጥረት ትለቃላችሁ። አውሮፓ የሚቆጣጠረው የእሳት እራት አንድ ትል ከጽጌረዳው ላይ ቢገኝ፣ የተላከው ዕቃ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ኃላፊነት ሲቪ ላይ ያምራል።

አንድ ደብዳቤ ለሃምሳ ፕሮፌሰር መላክ

ፒኤችዲ ውጭ የምትፈልጉ፣ «ታታሪ ተማሪ ነኝ» የሚለውን ተዉት። ከዓለማያ ኮሌጅ (የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) የተነሡት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በአንድ ሰብል፣ በማሽላ፣ ላይ ዓመታት ቆይተው ድርቅንና አቀንጭራን (ሥሩን የሚመጥ ጥገኛ አረም) እንዲቋቋም በመሥራታቸው ነው። እናንተም ሰብላችሁንና ችግራችሁን በሁለት መስመር ጻፉ፤ ከቴሲሳችሁ አንድ ግራፍ አያይዙ። እኔ የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት አንዲት ፕሮፌሰር የግራፌን ስህተት ሊያርሙ ሲጽፉልኝ ነው።